ለአሮጌ ላፕቶፕ የዋይፋይ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት

የላፕቶፕ ዋይፋይ ካርድ መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም። ካርዱ ትንሽ ነው። የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት ብሎን ነው። ካቻቢቴ መያዝ የሚችል ሰው ሻዩ ሳይበርድ ይጨርሰዋል። የሚያስቸግረው መምረጡ ነው። ሰው ሱቅ ይገባና "ፈጣን የዋይፋይ ካርድ አላችሁ?" ብሎ ይገዛል። ቤት ሲደርስ ካርዱ ቦታው ላይ አይገባም። ወይም ይገባና ላፕቶፑ አልነሳም ይላል። ወይም ይነሳና ካርዱን እንደሌለ ይቆጥረዋል።

ሱቁ አላጭበረበረም፣ ካርዱም አልተበላሸም ይሆናል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ካርዱን የሚመርጠው ማሽኑ ራሱ ነው። እኛ ማሽኑ ምን እንደሚቀበል እናጣራለን፤ ከሚቀበለው ውስጥ የሚጠቅመንን እንወስዳለን። ብዙ ጊዜ አጣርተን ስንጨርስ እጃችን ላይ የሚቀረው ሁለት ወይም ሦስት ካርድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ፣ ጥፋቱ የካርዱ ነው?

"ዋይፋዩ ሞቷል፣ ይቀየር" የሚል ፍርድ በቀላሉ አትቀበሉ። ስልካችሁን ከላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጡና ሁለቱንም ከአንድ ራውተር ጋር አገናኙ። ስልኩም ከተንቀራፈፈ ጣጣው ያለው ራውተሩ ወይም መስመሩ ላይ ነው። ካርድ መቀየር ምንም አይፈይድም። ስልኩ እየበረረ ላፕቶፑ ከተጎተተ ግን ወደ ላፕቶፑ እንሂድ።

ላፕቶፑ በቅርቡ ፎርማት ተደርጎ ከሆነ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ አልተጫነ ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ "ኔትወርክ አዳፕተርስ" የሚለውን ክፈቱ። የካርዱ ስም እዚያ ካለ ካርዱ በሕይወት አለ። አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ ጎናቸው ላይ ዋይፋይ የሚያጠፋ ትንሽ ማብሪያ አላቸው። ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ይነካና ይጠፋል፤ ባለቤቱ ወር ሙሉ ዋይፋይ የለኝም ይላል።

ሌላም አለ። ላፕቶፑ ፋኑ እንዲጸዳ ወይም ራም እንዲጨመርለት ተከፍቶ ከነበረ የአንቴናው ሽቦ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ራውተሩ አጠገብ ስትቀመጡ ይሠራል፣ ሁለት ሜትር ስትርቁ ይጠፋል። ይህ የሚጠይቀው ሽቦውን መልሶ መሰካት ብቻ ነው።

ምን ለማግኘት ነው የምንቀይረው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በቁጥር ይታለላል። ካርዱ የሚያፈጥነው በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል ያለውን መንገድ ነው። ቤታችሁ የሚገባው መስመር 10 ወይም 20 ሜጋ ከሆነ 2400 ሜጋ የሚል ካርድ ብትሰኩ ከ10 ወይም ከ20 የበለጠ ከየትም አይመጣም። ቀላሉና ርካሹ አሮጌ ካርድ እንኳ ሰፈሩ ጸጥ ካለ በወረቀት ላይ 72 ሜጋ ይሰጣል። በተግባር ግማሽ ያህሉ ቢደርሳችሁ ለ10 ሜጋ መስመር ይበቃል።

ታዲያ ለምን ይቀየራል? ሰፈሩ ጸጥ ስለማይል ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላፕቶፕ ከፍታችሁ የዋይፋይ ስሞችን ዝርዝር እዩ። ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን፣ የሁሉም ጎረቤት ራውተር ይደረደራል። አብዛኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ነው። በዚህ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ስለዚህ ያ ሁሉ ቤት ሦስት መስመር ላይ ተራ ይጠብቃል። ብሉቱዝም፣ ማይክሮዌቭም እዚያው ይገባሉ። አሮጌው ላፕቶፕ ያዝ ለቀቅ የሚያደርገው አርጅቶ ሳይሆን ከዚህ ግፊያ መውጣት ስለማይችል ነው።

ባለ 5 ጊጋኸርዝ ካርድ ከግፊያው ያወጣችኋል። ቻናሉ ብዙ ነው፣ ጎረቤትም ያነሰ ነው። በእኔ አመለካከት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ካርድ ለመቀየር ዋናው ምክንያት ይህ ነው። የቀረው ጌጥ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ራውተራችሁም 5 ጊጋኸርዝ መልቀቅ አለበት። ርካሽ ራውተሮች ብዙዎቹ 2.4 ብቻ ናቸው። ስልካችሁ የራውተራችሁን ሁለት ስም (አንዱ የ2.4፣ ሌላው የ5) እያየ ላፕቶፑ አንዱን ብቻ የሚያይ ከሆነ ጉድለቱ የካርዱ ነው፤ መቀየር ያዋጣል። ሁለተኛ፣ 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ አይወድም። አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ባሉት ወፍራም ግድግዳ ባላቸው የድሮ ቤቶች ውስጥ ራውተሩ ሳሎን፣ እናንተ ጓዳ ከሆናችሁ 2.4 ሊሻላችሁ ይችላል።

ስለ ስሞቹ ባጭሩ፦ ዋይፋይ 4 የሚባለው የ2009 ደረጃ ሁለቱንም ሞገድ ይችላል፤ ርካሾቹ ካርዶች ግን 2.4 ብቻ ሆነው ተሠርተዋል። ዋይፋይ 5 የ2013 ደረጃ ሲሆን በ5 ጊጋኸርዝ ላይ የተገነባ ነው፤ ባለ ሁለት አንቴና ካርድ 867 ሜጋ ይደርሳል። ዋይፋይ 6 ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ለአሮጌ ላፕቶፕ ዋይፋይ 5 ከበቂ በላይ ነው።

ስሎቱ

ባትሪውን አውጡና ላፕቶፑን ክፈቱ። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች የተሰኩባትን ትንሽ ካርድ ታገኛላችሁ። የተሰካችበት ቦታ ስሎት ይባላል። የካርዷን ቅርጽ እዩ።

በጥቅሉ ከ2013 በፊት በተሠሩት ላይ የምታገኙት ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለውን ነው። ወርዱ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሙሉው 51 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ግማሹ ወደ 27። አዲሶቹ ላይ ያለው ኤም ዶት ቱ ነው፦ ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 30 ሚሊ ሜትር። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በኢንቴል ማሽኖች አብዛኛው እስከ 3ኛ ጄኔሬሽን ሚኒ፣ ከ5ኛ ወዲህ ኤም ዶት ቱ ነው። 4ኛው ላይ ተደባልቋል፤ መክፈት ነው እንጂ መገመት አያዋጣም።

ግማሹን ካርድ በሙሉው ቦታ ማስገባት ይቻላል። ብሎኑ የሚያዝበት ማራዘሚያ ብረት ብቻ ያስፈልጋል። ሙሉውን በግማሹ ቦታ ግን አትሞክሩት።

ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ባዶ ስሎት አይታችሁ እዚያ ልሰካ ብትሉም ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ለሲም ካርድ ሞደም የተዘጋጀ ነው፤ የዋይፋይ ካርድ የሚፈልገው መስመር ላይኖረው ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ኤምሳታ የሚባል የማከማቻ ስሎት ሲሆን ከሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ጋር በዓይን አይለይም። ካርዱ ቁጭ ይላል፣ ግን አይሠራም። ኤም ዶት ቱ ላይ ይህ ችግር ቀለል ይላል፤ የኤስኤስዲው ስሎትና የዋይፋዩ ስሎት ጥርሳቸው የተለያየ ቦታ ላይ ስለተቆረጠ ካርዱ ራሱ እምቢ ይላል። እምቢ ሲል አትግፉት።

የማክቡክ ባለቤቶች፣ የእናንተ ካርድ ቅርጹም መሰኪያውም ሌላ ነው። የዚያውኑ ሞዴል ካርድ ፈልጉ።

የፋብሪካው ቁልፍ

ብዙ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነው። አንዳንድ አምራቾች ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ በሚነሳው ፕሮግራም ውስጥ፣ የሚፈቀዱ ካርዶችን ዝርዝር አስቀምጠዋል። ላፕቶፑ ሲነሳ ካርዱን ይጠይቃል። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ዊንዶውስ ጋ ሳይደርስ ያቆማል። የማያውቀውን እንግዳ የማያስገባ ዘበኛ በሉት።

በዚህ የታወቁት ሌኖቮና ኤችፒ ናቸው። የሌኖቮው ቲንክፓድ ላይ ያልተፈቀደ ካርድ ስትሰኩ 1802 የሚል ቁጥር ይዞ "ያልተፈቀደ የኔትወርክ ካርድ ተሰክቷል" የሚል መልእክት ይመጣል። ኤችፒ ላይ ተመሳሳዩ መልእክት 104 በሚል ቁጥር ይታያል። ይህን ስታዩ አትደንግጡ፤ ምንም አልተቃጠለም። ካርዱን ስትነቅሉ ላፕቶፑ እንደ ድሮው ይነሳል። አዳዲሶቹ ቲንክፓዶች ላይ ይህ ቁልፍ ቀርቷል፤ እንደ ቲ430 እና ኤክስ230 ያሉት የ2012 ሞዴሎች ላይ ግን አለ። ዴል በዚህ በኩል ደግ ነው። ላቲቲዩድ ኢ6420 ወይም ኢ6430 ያለው ሰው ስሎቱ ላይ የሚገባ ካርድ ካገኘ በአብዛኛው ያለ ጭቅጭቅ ይሠራለታል።

ቁልፉ ካለ ምን ይደረጋል? ቀላሉ መንገድ አምራቹ ለዚያው ሞዴል የሸጠውን የተሻለ ካርድ መፈለግ ነው። ቲ430 ወይም ኤክስ230 ከርካሽ ባለ 2.4 ካርድ ጋር የመጣባችሁ ከሆነ ኢንቴል 6205 የሚባለው ካርድ 5 ጊጋኸርዝ ይሰጣችኋል፤ ፍጥነቱ እስከ 300 ሜጋ ነው። ነገር ግን የሌኖቮ ወረቀት የተለጠፈበት መሆን አለበት። ሌኖቮ ኤፍአርዩ ብሎ የሚጀምር ቁጥር ይለጥፍበታል። ኤችፒም የራሱ የመለዋወጫ ቁጥር አለው። ያው ካርድ ያለዚያ ቁጥር ከሆነ በመልክ አንድ ቢሆንም ባዮሱ አይቀበለውም። ባዮሱ የሚያነበው ካርዱ ውስጥ የተጻፈውን መለያ ስለሆነ ወረቀቱን ልጦ ሌላ ላይ መለጠፍም አይረዳም።

"ባዮሱን ቀይሬ ቁልፉን አነሳላችኋለሁ" የሚል ባለሙያም ታገኛላችሁ። ይቻላል። ግን መሃል ላይ መብራት ከሄደ ወይም ፋይሉ የሌላ ሞዴል ከሆነ ላፕቶፑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ለአንድ ዋይፋይ ካርድ ብዬ እኔ አላደርገውም።

ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?

አዲስ አበባ ላይ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ለዋይፋይ ካርድም ይሠራል።

ኢንቴል በቅርብ ዓመታት ሁለት ዓይነት ካርድ ይሸጣል። አንዱ ሙሉ ካርድ ነው፤ የትም ስሎት ላይ ሥራውን ራሱ ይሠራል። ሌላው በመጠን ሳይሆን በሥራ ግማሽ ካርድ ነው፤ ከፊል ሥራውን የላፕቶፑ ቺፕሴት ወይም ፕሮሰሰር እንዲሠራለት ተደርጎ የተፈጠረ። ሁለቱም ኤም ዶት ቱ ናቸው፣ ሁለቱም ስሎቱ ላይ ቁጭ ይላሉ። ግማሹ ግን 8ኛ ጄኔሬሽን ያልደረሰ ማሽን ላይ ሞቶ ይቀመጣል። ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላይም እንዲሁ።

መለያው የሞዴል ቁጥሩ ነው። 9462፣ 9560፣ ኤኤክስ 201 እና ኤኤክስ 211 ግማሾቹ ናቸው። 8265፣ 9260፣ ኤኤክስ 200 እና ኤኤክስ 210 ሙሉዎቹ ናቸው። በኤኤክስ ከሚጀምሩት ውስጥ መጨረሻው 1 የሆነውን ለአሮጌ ማሽን አትግዙ። ኤኤክስ 201 ሱቅ ላይ ከኤኤክስ 200 ረክሶ ብታገኙት አትቸኩሉ።

ስለዚህ አሮጌ ሆኖ ኤም ዶት ቱ ላለው ላፕቶፕ 8265 ወይም ኤኤክስ 200 ጥሩ ናቸው። ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ላለውና ቁልፍ ለሌለበት ደግሞ በመጠን አጭር የሆነው የኢንቴል 7260 ካርድ ዛሬም ይሠራል፦ 5 ጊጋኸርዝ፣ 867 ሜጋ፣ ብሉቱዝ 4.0። ልብ በሉ፣ 7260 በሁለቱም ቅርጽ ተሠርቷል። መጨረሻው ላይ ኤችኤምደብሊው የሚለው ሚኒው ነው፤ ኤንጂደብሊው የሚለው ኤም ዶት ቱው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህችን ሳያይ ነው።

የኤኤክስ 200 ቺፕ በሚኒ ቅርጽ ሰሌዳ ላይ ተሠርቶም ይሸጣል። ኢንቴል በዚያ ቅርጽ አላወጣውም፤ ሌሎች አምራቾች ናቸው ያዘጋጁት። ሊሠራ ይችላል። ዊንዶውስ 7 ላይ ግን ኢንቴል ድራይቨር አላዘጋጀለትም።

ሊነክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ኢንቴል ይሻላችኋል፤ ድራይቨሩ ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) ውስጥ አለ። ኤኤክስ 200 ከርነል 5.1፣ ኤኤክስ 210 ደግሞ 5.10 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ብሮድኮም የሚባለው አምራች ካርድ ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚጫን ድራይቨር ይጠይቃል፤ ያ ድራይቨር ደግሞ የሚወርደው በኢንተርኔት ነው፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ የለም።

ሽቦዎቹ

ከስክሪኑ ፍሬም ውስጥ የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች አንቴናዎቹ ናቸው። ካርዱ ላይ ያሉት ሁለት ክብ ነጥቦች መሰኪያዎቹ ናቸው። የሚኒው መሰኪያ ተለቅ ይላል፣ የኤም ዶት ቱው ያንሳል። ስለዚህ ኤም ዶት ቱን በሚኒ ስሎት ላይ የሚያስገባ አስማሚ ብትገዙ እንኳ ሽቦዎቹ አይገጥሙም፤ ለእነሱም ሌላ ማገናኛ ትፈልጋላችሁ። ቁመቱም ይጨምርና ክዳኑ አልዘጋ ሊል ይችላል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለውን አስማሚ የማልወደው።

አንዳንድ ርካሽ ላፕቶፖች አንድ አንቴና ብቻ ነው ያላቸው። ባለ ሁለት አንቴና ካርድ ስትገዙ ሁለተኛው መሰኪያ ባዶ ይቀራል፣ ፍጥነቱም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ቢሆንም 5 ጊጋኸርዝ ካገኛችሁ ትርፍ ነው።

ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሷቸው። ስትነቅሉ ጫፉን ወደ ላይ አንሱ እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። ስትሰኩ ቀጥ አድርጋችሁ በጣት ጫፍ ተጫኑት፤ ቀጭ ሲል ገብቷል። እነዚህ መሰኪያዎች ወደ 30 ጊዜ ያህል እንዲሰኩና እንዲነቀሉ ብቻ ነው የተሠሩት። ብዙ እጅ የገባበት ላፕቶፕ ላይ ላልተው ልታገኟቸው ትችላላችሁ።

የት ይገኛል?

ሱቅ ስትሄዱ የድሮውን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ካልሆነ የካርዱን ወረቀት፣ የስሎቱንና ላፕቶፑ ሆድ ላይ ያለውን የሞዴል ጽሑፍ ፎቶ አንሱ። "ኤችፒ ነው፣ ጥቁር ነው" ማለት ለሻጩ ምንም አይነግረውም። አዲስ ካርድ ታሽጎ የሚሸጥበት ቤት ብርቅ ነው። የምታገኙት ብዙውን ጊዜ ከተፈታ ላፕቶፕ የወጣ ዩዝድ ነው፤ ስለዚህ ከኮምፒውተር ሻጮች ይልቅ ጠጋኞቹ ጋ ሂዱ። መርካቶም፣ ፒያሳም፣ መገናኛም አሉ። የፒያሳ ሱቆች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ፈረሳ ጊዜ ቦታ ስለቀየሩ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

ዩዝድ መሆኑ አያስፈራም። ከተፈታ ቲንክፓድ የወጣ ካርድ የሌኖቮ ቁጥሩን ይዞ ስለሚመጣ ለቲንክፓድ ባለቤት ከአዲሱ ይሻላል። ላፕቶፑን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ተሰክቶ ተነስቶ እስክታዩ ግን ሒሳብ አትክፈሉ። ለሻጩም "ወንድሜ፣ ካልሠራ እመልሳለሁ" በሉት፤ በዚህ የሚከፋ ሻጭ ዘንድ አትግዙ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁም ካርዱ ክብደት የለውም፤ ብቻ የሞዴል ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ፊደል ጽፋችሁ ላኩለት።

ከተሰካ በኋላ

ዋይፋዩ ሠርቶ ብሉቱዙ ካልታየ ካርዱን አትውቀሱ። ብሉቱዙ የሚሄደው በስሎቱ ውስጥ ባለ የዩኤስቢ መስመር ነው፤ አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ይህን መስመር አልዘረጉትም። 7260 ሚኒው ላይ ሌላ የታወቀ ጉዳይ አለ፦ 51ኛው እግር (የካርዱ ጠርዝ ላይ ካሉት ቀጫጭን የብረት መገናኛዎች አንዱ) ላይ የሚመጣ ምልክት ብሉቱዙን ያጠፋዋል። ያቺን አንዲት እግር በቀጭን ስኮች ሲሸፍኗት የሚነሳበት ጊዜ አለ።

ላፕቶፑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነና የራሳችሁን ራውተር ብቻ አላይ ካለ የራውተሩን ቻናል እዩ። ለአሜሪካ የተዘጋጁ ካርዶች 12 እና 13ን አያዩም። ራውተሩን ወደ 1፣ 6 ወይም 11 መልሱት።

ስሎቱ አልገጥም፣ ባዮሱ አልፈቅድ፣ ካርዱም አልገኝ ካለ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ዋይፋይ አለላችሁ። የፋብሪካው ቁልፍ አይነካውም፣ ላፕቶፕ መክፈትም አይጠይቅም። ካርቶኑ ላይ 150 ወይም 300 ብቻ ከተጻፈበት በአብዛኛው 2.4 ብቻ ነው፤ ተዉት። ኤሲ 600 የሚለው 433 በ5 ጊጋኸርዝ፣ 150 በ2.4 ተደምሮ ነው፤ ኤሲ 1200 ደግሞ 867 እና 300። ሁለቱ ፍጥነቶች በአንድ ጊዜ አይገኙም፣ ድምሩ ለካርቶኑ ማሳመሪያ ነው። ላፕቶፑ ዩኤስቢ 3 ከሌለው ኤሲ 600 ይበቃዋል። ጥፍር የምታክለዋን ሳይሆን አንቴና ያላትን ምረጡ፤ ትንሿ ታምራለች እንጂ ጓዳ ድረስ ሲግናል አትስብም።